የእትዬ ውባንች ራዲዮና ያልተቀመጡት ልቅሶ

እኔ ሰው በባትሪ ድንጋይ ሲጫወት ሳይ ደሜ ይፈላል። ትራክተር ነጂ ነኝ፤ ዕድሜዬን ከባትሪ ጋር ነው የኖርኩት፤ ሱሪዬን በአሲድ ያልበሳሁበት ዓመት የለም። ስለዚህ ከእትዬ ውባንች ጋር ገና በተዋወቅን ሰሞን መጣላታችን አልቀረም። ጠዋት ፉል ልበላ እቤታቸው ስሄድ ቀና ብዬ ባይ፣ አራት የራዲዮ ድንጋይ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው እትዬ?»

«ደክሞት ነዋ! ትንሽ ፀሐይ ሲመታው ይበረታል» አሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቅ ነው ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ።

እትዬ ውባንች የዳባት ሰው ነበሩ። ዳባት ላይ ነገሩ ያስኬዳል፤ ብርድ ያደከመው ድንጋይ ፀሐይ ሲያገኘው ትንሽ ይነቃል። የኛ የቆላዋ ከተማ የገንዳ ውሃ ቆርቆሮ ግን በሚያዝያ እንቁላል ይጠብሳል። እዚያ ላይ የተሰጣ ድንጋይ ያብጣል፣ ይተረተራል፣ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ ያገኘውን ብረት ይበላል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። «አንተ የትራክተርህን ጠብቅ፣ የኔን ለኔ ተወው» ብለው ሳህኑን ፊቴ አስቀመጡልኝና ሄዱ። ፉሉ ግሩም ስለነበር ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ባላቸውን ተከትለው በንጉሡ ዘመን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርደው እንደወረዱ የቀሩ ሰው ናቸው። ባላቸውን ወባ ወሰደባቸው። አገሬ ልግባ አላሉም፤ ከአንዲት ሱዳናዊት ፉል መሥራት ተማሩና ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ቤት ይዘው ድስታቸውን ጣዱ። ባቄላውን ዘፍዝፈው፣ በከሰል አንተክትከው፣ በጠርሙስ ቂጥ ደቁሰው፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሰውበት ያቀርባሉ። እኛ የእርሻ ጣቢያው ትራክተር ነጂዎች ያለዚያ ፉል ሞተር አናስነሳም ነበር። ምላሳቸው ደግሞ ስለት ነው። ጨው አንሶታል ያለ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨው ለብቻው በሳህን ይቀርብለታል። እኔን ግን ይወዱኝ ነበር፤ ልጃቸውን አዛናውን ትራክተር መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝና።

አዛናው አንድ ልጃቸው ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ። በመጀመሪያው የአጨዳ ደሞዙ ባለ ሦስት ባንድ ራዲዮ ገዛ፤ አራት ትልልቅ ድንጋይ የምትበላ። በ1978 ብሔራዊ ውትድርና ሲወስደው ራዲዮዋን ለእናቱ ትቶ ሄደ። ከኤርትራ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ጦሩ ተደመሰሰ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የሚባል ነገር አልመጣም።

በሚያዝያ አንድ ቁስለኛ ወታደር በከተማችን ሲያልፍ፣ የአዛናው ጓዶች የተሳፈሩበት መኪና ሲቃጠል አየሁ ብሎ ተናገረ። አዛናውን አየሁ አላለም። ለሰው ግን ያው ነው። ጎህ ሲቀድ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ጓድ ዳኛው የሚባለው ሰው፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና መርዶውን አረዳ። ጎረቤቱ እሪ ሊል አፉን ሲከፍት እትዬ ውባንች በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሬሳውን ያየ ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ዳኛው ዞሩ።

«እንግዲያው ፉሌ እያረረብኝ ነው» ብለው ገቡ።

ከተማው ግራ ተጋባ። መርዶ ሰምቶ ልቅሶ የማይቀመጥ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጎረቤታቸው አሰፋች እያለቀሰች ለመነቻቸው፤ «ነፍሱ ትንገላታለች እትዬ፣ ልጁን እንዳልነበረ አታድርጉት» አለቻቸው። እሷ በቅን ልቧ ነው። ዳኛውን ያሳሰበው ግን ሌላ ነገር ነበር። ዳኛው ክፉ ሰው ነበር ብዬ አላማም፤ ፈሪ ነበር፤ ፈሪ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ከክፉ ይብሳል። አንድ ቀን ፉሉን በልቶ አፉን እየጠረገ፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለስለስ አድርጎ ጠየቃቸው።

«እትዬ ውባንች፣ ልጅዎ በሕይወት አለ ብሎ የነገረዎ ማነው?»

«ሆዴ ነዋ» አሉት።

«ሆድ ራዲዮ ካልሰማ ከየት ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። እኔ ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ምክንያቱም እውነቱን ነበር። ከድንበሯ ከተማ ከጋላባት ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ የሚነግድ ሙሐመድጣሂር የሚባል ሱዳናዊ ነበር፤ ባቄላ የሚያቀርብላቸው እሱ ነው። ከመርዶው በኋላ ጆንያውን ሲያወርድ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከላቸው። «እትዬ፣ የተማረኩት ልጆች በዚያ ጣቢያ ይናገራሉ። ስሜ እገሌ፣ አገሬ እንዲህ፣ በሕይወት አለሁ ይላሉ። ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ያ ጣቢያ ሲባል የማን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ መንግሥት ወንበዴ የሚላቸው ሰዎች ጣቢያ ነው። ሲሰማ የተገኘ ሰው ወዴት እንደሚወሰድም እናውቃለን፤ እንዴት እንደሚመለስ ግን ያወቀ የለም።

የአማርኛው ዝግጅት ወደ ማምሻው ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣል። የትኛው ልጅ መቼ እንደሚናገር አይታወቅም፤ ስለዚህ በየቀኑ መስማት ነው። በየቀኑ ለመስማት ደግሞ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ድንጋይ ከኅብረት ሱቅ ጠፍቶ ከረመ። ሙሐመድጣሂር እሱ ሒጃራ የሚለውን ድንጋይ በባቄላ ጆንያ ውስጥ ደብቆ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ያመጣል እንጅ አራት ሆኖ መጥቶ አያውቅም። እትዬ ውባንችም አዲሱን ከአሮጌው ቀላቅለው ይከቱታል። ሳይ ራሴን ያመኛል።

«እትዬ፣ ይኼ ብርቱ በሬ ከታመመ በሬ ጋር መጥመድ ነው። አሮጌው አያርስም፣ አዲሱን ይገድለዋል፣ ከዚያ ሁለቱም ይፈነዱልዎታል።»

«እና ሁለቱን አዲስ ከምን ጋር ልጥመደው? ከአንተ ጋር?»

ነገሩን ካወቅሁ በኋላ እኔም አብሬያቸው ተነክሬያለሁ፤ አመሻሽ ላይ መጥቼ በሩን ዘግቼ፣ ሞገዱን እየፈለግሁ፣ በላብ ተጠምቄ እቀመጣለሁ። ፈርቻለሁ። ሚስት ነበረችኝ፣ ሥራ ነበረኝ። ያም ሆኖ አዛናው ማርሽ ሲያስገባ ምላሱን የሚነክሰው ነገር ትዝ ይለኛል፤ እንደዚያ ያለ ልጅ እናቱ ሳታውቅ ሞቶ ወይም ሳታውቅ ኖሮ እንዲቀር ሆዴ እንቢ አለ።

ዳኛው ቤቱን ሊያስፈትሽ ነው የሚል ወሬ በተነሳ ሰሞን ደግሞ ድንጋዮቹን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯቸው። ከሳጥን ቁልፋቸውና ከሽልንግ ጋር! ፉል እየቀዱልኝ ሳለ «ወየው ወገቤን!» ብለው ጭልፋውን ወረወሩት። ቁልፉ የድንጋዩን ራስና ቂጥ አገናኝቶት ግሎ ኖሯል። ለሁለት ድንጋይ የሚሆን ጉልበት ለወገባቸው ማሞቂያ ሆኖ አለቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን በር ላይ ሰው አለ የለም እያልኩ ነበር የማየው።

ሙሐመድጣሂርም አዘነላቸውና አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ አዳፕተር አመጣ፤ ድንጋይ ሳያስፈልግ ራዲዮዋን በመብራት የምታሠራ ጥቁር ዕቃ። መብራቱ ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ነው፤ ባለ ወፍጮው በፉል ፋንታ አንድ መስመር ስቦላቸው ነበር። ገላገለን ብዬ ነበር። የሰማነው ግን የሰው ድምፅ ሳይሆን ንብ ነው። ዕቃዋ ርካሽ ስለሆነች የወፍጮውን ጉርምርምታ እንዳለ ወደ ራዲዮዋ ታስገባዋለች። ወፍጮው ከበድ ያለ እህል በያዘ ቁጥር መብራቱ ይሟሽሽና መልሶ ይንቦገቦጋል፤ አዳፕተሯም በእጅ እማትያዝ ሆና ትግላለች። «ሲግል ይንቀሉት፣ አየር ያግኘው» ብዬ አስጠንቅቄ ሄድኩ። በማግሥቱ ስመጣ ቤቱ በተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ታፍኗል። ሰው እንዳያይባቸው አሮጌ ነጠላቸውን አጥፈው አልብሰዋት ነበር። ነጠላው መካከሉ ጠቁሮ ተበስቷል፣ አዳፕተሯ ቀልጣ ግድግዳው ላይ ተጣብቃለች። ከበላይዋ ያለው የሣር ኮርኒስ እሳት ቢይዝ ኖሮ ወፍጮ ቤቱም ሰፈሩም አብሮ በሄደ።

«እኔ ሳልሰማው ልቃጠል ወይ?» ብለው አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ መቆጣት ጀምሬ ነበር፣ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ የቀረን የድንጋይ ጭላንጭል ነው። ግንቦት ገብቷል። አንድ ማምሻ፣ ራዲዮዋ ድምጿ እየሰለለ፣ ጆሯችንን አስጠግተን ሳለን ተናጋሪው እንዲህ አለ፤ የጎንደር ክፍለ ሀገር ተወላጆች የሆኑ ምርኮኞች ነገ በዚሁ ሰዓት ይናገራሉ። ወዲያው ራዲዮዋ ጸጥ አለች። የእትዬ ውባንች ዓይን ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በማግሥቱ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አሰፋች ጋራዥ ድረስ መጣችና «እትዬ ይፈልጉሃል፣ ፊታቸው ልክ አይደለም» አለችኝ። ሮጥኩ። ራዲዮዋ ጠረጴዛ ላይ በሆዷ ተደፍታለች። ከንጋት ጀምሮ ድንጋዮቹን ቆርቆሮው ላይ አስጥተው፣ ሲበረቱ መስሏቸው እንደጋሉ ከተዋቸዋል። አብጠው ተተርትረው ነበር። ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር ሽቦዎቹን ሸፍኗቸዋል፤ እሳቸው በጣታቸው ሲጠርጉት ኖረው ጣታቸው ቀልቷል፣ በዚያው እጅ ዓይናቸውን አሽተው ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ገሰሰ፣ ልጀ፣ ገደልሁት» አሉኝ። ራዲዮዋን ይሁን ልጁን አላወቅሁም። መጀመሪያ ዓይናቸውን በብዙ ውሃ አጠብኳቸው።

ድንጋይ በከተማው የለም። ሙሐመድጣሂር ከማዶ ነው። የቀረን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የመንግሥት ንብረት ነው። የትራክተሬ ባትሪ ለክረምቱ እርሻ ቻርጅ ተደርጎ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ባስተኛበት ሰዓት ገብቼ በባቄላ ጆንያ ጠቀለልኩት፣ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ባትሪ ቀጥ ብሎ እንጅ ተጋድሞ እንደማይሄድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ቀጥ ያለ ዕቃ ባቄላ አይመስልም፤ ስለዚህ ዘንበል አደረግሁት።

ቀበሌው ፊት ለፊት ስደርስ ጓድ ዳኛው ከዛፉ ሥር ተነሣ።

«ጓድ ገሰሰ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ተሸክመህ ነው?»

«ለእትዬ ውባንች ባቄላ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ከክዳኑ የወጣ አሲድ ትከሻዬ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ሌላ ጠብታ። ቆዳዬ ሲቃጠል ይሰማኛል፣ ቀጥሎ ወደ ጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ዳኛው ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወራልኛል። እኔም አዎ፣ ዘንድሮ ዘግይቷል እላለሁ። ሸሚዜ እየተበሳ መሆኑን እያወቅሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ።

«በል ባቄላ ከመጣማ ሳይመሽ ሻይ ልጠጣ እመጣለሁ፤ ከእትዬ ጋር የምንጨርሰው ነገር አለ» አለና ለቀቀኝ።

እቤት ስገባ ተደፋሁ። እትዬ ውባንች ሸሚዜን ቀድደው እንስራ ሙሉ ውሃ ጀርባዬ ላይ አፈሰሱት፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ሥራ ጀመርን። የተበላውን ሽቦ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ በአረቄ ጠረግሁት። ራዲዮዋ የምትፈልገው ስድስት ቮልት ነው፣ የትራክተር ባትሪ ደግሞ አሥራ ሁለት። እንዳለ ብናገናኛት በቅጽበት ትቃጠላለች። ያኔ የነበሩት ባትሪዎች ግን ስድስቱ ክፍላቸው ከላይ በእርሳስ ድልድይ የተያያዘ ነበር፤ ሬንጁን ጭረህ ግማሹ ላይ ብትጠልፍ ግማሹን ኃይል ታገኛለህ። የመደመሩና የቅነሳው ምልክት ግን ከባትሪው ተፍቆ ጠፍቷል። የጫፎቹን ውፍረት አይቼ ገምቼ ነበር፤ በግምት ግን የሰው ልጅ ሕይወት አይያዝም። ሁለት ቀጭን ሽቦ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ነከርኩ፤ አረፋ የሚያበዛው ቅነሳው ነው። አረፋውን ማየት ግን አቃተኝ፤ መስኮቱም በሩም ተዘግቶ ቤቱ ጨልሟል።

እትዬ ውባንች ሊረዱኝ ብለው ኩራዝ ለኩሰው ባትሪው ላይ ጎንበስ አሉ።

«አውጪው! አንቺ ሴትዮ፣ እሳቱን አውጪው!»

እንደዚያ ብዬ ጮህኩ። እናቴን የሚያህሉ ሰው፣ ሴትዮ ብዬ፣ አንቺ ብዬ። ቻርጅ ሆኖ የመጣ ባትሪ የማይታይ ጋዝ ይተፋል፤ አንድ ክብሪት ቢያገኘው ከነአሲዱ ፊት ላይ ይፈነዳል፤ ጋራዥ ውስጥ ዓይኑ የጠፋ ሰው አይቻለሁ። እትዬ ውባንች ኩራዙን በጓሮ በኩል አውጥተው አጠፉና ተመለሱ። የጓሮውን በር ገርበብ አድርገው ብርሃን ሰጡኝ። «አንቺ ስትለኝ አዛናው የመጣ መሰለኝ» አሉ።

አንድ ፀጉር የመሰለ የሽቦ ዘለላ መሀል ላይ አስገባሁ፤ ነገሩ ከተበላሸ እሷ ቀድማ ተቃጥላ ራዲዮዋን እንድታድናት። ከዚያ አገናኘሁ። ራዲዮዋ ሽሽ አለች። ወፍጮው ግድግዳው ማዶ ያጓራል፣ ለውጭ ሰው ምንም አይሰማም፤ እኛ ግን በባትሪው ኃይል ጥርት አድርገን ሰማን። ዝግጅቱ ጀምሯል። አንድ ልጅ ከደብረ ታቦር ተናገረ። ቀጥሎ አንድ ከሊቦ። እትዬ ውባንች መሬት ላይ ተቀምጠው ራዲዮዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋታል።

በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ ውባንች! ሻይ የለም ወይ?»

ዳኛው ነው። ካልወጡ ይገባል፤ ከገባ ሁላችንም አለቅን። እትዬ ውባንች እኔን አዩ፣ ራዲዮዋን አዩ። ከዚያ ራዲዮዋን ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወጡና በሩን በኋላቸው ዘጉት። እኔ ድምጿን ቀንሼ ጆሮዬን ለጠፍኩባት። በአንደኛው ጆሮዬ ውጭ የብርጭቆ ቅጭልጭልታ ይሰማኛል። በሌላው የምርኮኞቹ ድምፅ።

ከጭልጋ አንድ ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ አንድ ልጅ።

«አዛናው እባላለሁ። ጭልጋ አውራጃ፣ ገንዳ ውሃ። እናቴ ወይዘሮ ውባንች ይባላሉ፣ ፉል ይሸጣሉ። እግሬ ቆስሎ ነበር፣ ድኛለሁ። በሕይወት አለሁ።»

ይኸው ነው። ከዚያ ሌላ ልጅ ቀጠለ። እኔ ራዲዮዋን አቅፌ መሬቱ ላይ ወደቅሁ፣ እንዳልጮህ የጆንያውን ጫፍ ነከስኩት። ያ ሁሉ ድካም የማን ነበር? እሳቸው ከበሩ ማዶ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ለጓድ ዳኛው ስኳር እያማሰሉ ነበር።

እትዬ ሲመለሱ ዝግጅቱ አልቆ ሽቦውን ነቅዬ ነበር። አየኋቸው፣ በአንገቴ አዎ አልኩ። ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ጥያቄ ብቻ ሆኑ።

«ድምፁ ምን ይመስላል? ይስላል?»

«ጉሮሮውን ጠረገ እንጅ አላሳለም።»

«የትኛው እግሩ?»

«አላለም እትዬ።»

«እንዴት ሳይል ይቀራል?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ እንዲህ እንዳለ በሱ ድምፅ ድገምልኝ አሉኝ፣ ደገምኩ። ድገም አሉኝ፣ ደገምኩ። ስደጋግመው እኔው ራሴ የፈጠርኩት እየመሰለኝ መጣ፤ በዓይናቸው ውስጥም ያንኑ አየሁ። አሲድ እየበላው ባትሪ የተሸከመ ሰው፣ ልጇ የሞተባትን ሴት ለማጽናናት የማይዋሸው ምን አለ? ተናግረው አልጠየቁኝም፣ ግን አየሁት።

«ዳኛው ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«እስከ እሑድ ልቅሶ ካልተቀመጥሁ፣ ልጁ አለ ብሎ የነገረኝን ሰው ጎንደር ሄጀ ለሚመለከታቸው እንድነግር ነው» አሉ። ጀርባዬን አዩት፣ ባትሪውን አዩት። «አንተንም ይዤ ልሄድ ነው እንግዲህ።»

ያን ምሽት ባትሪውን በጋሪ፣ ቀጥ አድርጌ መለስኩት። እሑድ እትዬ ውባንች ልቅሶ ተቀመጡ።

ድንኳን ተተከለ። ከሰፈሩ ሁሉ ሰው መጣ። አሰፋች ደረቷን እየመታች አለቀሰች፣ ትራክተር ነጂዎቹ ቆመው አለቀሱ። ጓድ ዳኛው ባርኔጣውን እንዳደረገ ከፊት ተቀመጠና የእናትየዋን ፊት ማየት ጀመረ። እትዬ ውባንች ግን ማልቀስ አቃታቸው። ጥቁር ለብሰው መሐል ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው ደርቋል። በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት መስሎ ታያቸው፤ ሞቶ እኔ ዋሽቻቸው እንደሆነ ደግሞ እንባውን ለመጀመር ፈሩ። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር የዳኛው ዓይን ይጠባል። ጎኑ ለተቀመጠው ሽማግሌ አንድ ነገር ሲያንሾካሹክለት አየሁ።

ተነሣሁ። እንደ ለቀስተኛ እያነባሁ ሄጄ አንገታቸውን አቀፍኳቸው። ከንፈራቸውን ጆሮዬ ላይ አስጠጉ።

«ገሰሰ፣ አሳዝኘህ ነው የዋሸኸኝ? ማልልኝ።»

በእግዜር ብምል፣ እናት ለማጽናናት በእግዜር ስም የዋሸ ሞልቷል። በሌላ ብምል ማን ያምነኛል? ዳኛው ከኛ ክንድ አይርቅም። አፌን ጆሯቸው ውስጥ ከትቼ፣ የሚያስፈራኝን ቃል አወጣሁት።

«አዛናው ይሙት!»

በሙት አይማልም። እትዬ ውባንች ክንዴን ጨበጡ። ከዚያ መርዶ ከተረዱ ጀምሮ ደረታቸው ውስጥ የቆለፉት እሪታ ወጣ። ወድቀው ተነሡ፣ ተነሥተው ወደቁ፣ «ልጀን! ልጀን!» አሉ፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው አብሯቸው አለቀሰ። ጓድ ዳኛውም ባርኔጣውን አወለቀ።